ደሞዙ ሳይጎድል

ትናንት ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ለምራቷ ስታወራ ሰማሁ። ጆሮዬን ጥዬ አይደለም። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮው ቀዳዳ ነው፣ እኔ ደግሞ እዚያው ሥር ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ሽንኩርቱ ካለቀ በኋላም ትንሽ ቆየሁ እንጂ ምን አጠፋሁ። ልጇ ፖሊስነቱን ሊተው ነው አሉ። "ይተው፣ እኔ ምን ከፋኝ" ትላለች፣ "ግን ከደሞዙ አንዲት ሳንቲም ትጉደልና እንተያያለን።" ምራቲቱም እሱማ፣ እሱማ ትላለች።

ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። ይቺኑ ነገር እናቴ ለአባቴ ስትለው ሰምቻታለሁ። ያኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ድዴ ባዶ ነበር። የሚወራውን ሁሉ እሰማለሁ፤ የሚገባኝ ግን አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ወሬ ትወዳለች ይለኛል። ይበለኝ። ያኔ ሳይገባኝ ባለፈው ተቆጭቼ ነው እላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ወሬ ደስም ይለኛል።

አባቴ ፖሊስ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው። ሲናገር ቃሉን ከጉሮሮው ሳይሆን ከኪሱ ፈልጎ የሚያወጣ ነበር የሚመስለው። ሌባ ሲያባርር አይቼው አላውቅም። ዱላው እንኳ በር ጀርባ ቆሞ እናቴ ድመት ታባርርበት ነበር። ለእኔ የአባዬ ሥራ መንገድ ላይ መሄድ ነበር። እሱ ሲያልፍ መንገዱ ፀጥ ይላል። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን በክንድ እየጎተቱ ወደ ቤት ይገባሉ፣ በመጋረጃው ጥግም ያዩታል። ካለፈ በኋላ ደግሞ ያው ጨዋታ፣ ያው ሳቅ። እጁን ይዤ አብሬው ስሄድ አንገቴ እንደ ሰጎን ይረዝም ነበር። አባዬን እንዴት ቢያከብሩት ነው እላለሁ በልቤ።

ከኋላው "መርዶው" ይሉታል። እኔ ማዕረግ መስሎኝ። ሃምሳ አለቃ አለ፣ መቶ አለቃ አለ፣ ከሁሉም በላይ መርዶው አለ። አንድ ቀን መምህራችን የአባትሽ ማዕረግ ምንድነው ስትለኝ ብድግ ብዬ ጮክ አድርጌ ነገርኳት። ቁጭ በይ አለችኝ ቀስ ብላ። ያን ቀን ሌላ ልጅ አልጠየቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ይኼን ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። መኪና የገጨው፣ ወንዝ የወሰደው፣ ከሕንፃ የወደቀው፣ የሁሉም ስም መጀመሪያ የሚመጣው ጣቢያ ነው። አንድ ሰው ሄዶ ለቤተሰቡ መናገር አለበት። ሌሎቹ ፖሊሶች አልቻሉበትም። አንዱ በር አንኳኩቶ "የሟች እገሌ ቤት ይኼ ነው?" ብሎ ጠየቀ አሉ፣ የከፈተችለትን ሚስትዮዋን። ከዚያ በኋላ አዛዡ ሥራውን ለአባቴ ሰጠው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ። አባቴም የራሱን አሠራር አበጀ። በሩ ላይ ሲደርስ ወዲያው አያንኳኳም። ቆቡን ያወልቃል፣ ብብቱ ሥር ያደርጋል፣ ፀጉሩን በመዳፉ ያስተኛል፣ ከዚያ ነው የሚያንኳኳው። እያደር ሰዉ አሠራሩን ተማረው። ቆቡ ከራሱ ሲነሳ ካዩ በቃ፣ ጩኸቱ ከማንኳኳቱ ይቀድማል። እሱ ይኼን እንደ ደግነት ነበር የሚያየው። አፍ አውጥቶ ሞተ ከማለት ይሻላል ብሎ።

ያን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከትምህርት ቤት የወሰደኝ እሱ ነው፤ በአንድ እጁ ቦርሳዬን፣ በሌላው እኔን ይዞ። የሹፌሩ እናት ቤት ጋ ስንደርስ የጫማዬ ክር ተፈታ። የሹፌሩ እናት የምንላት ከእኛ በታች ያለች ባልቴት ናት። አንድ ልጇ የጭነት መኪና ይዞ ሩቅ አገር ይመላለሳል፤ ከእሱ ሌላ ሰው የላትም። ደጇ ላይ ተጎንብሳ ድስት በአሸዋ ትፈትጋለች። አባዬ ቆመ። ቦርሳዬን መሬት አስቀመጠ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ነው መሰለኝ ቆቡን አወለቀ። ብብቱ ሥር አደረገው። በመዳፉ ፀጉሩን ወደ ኋላ አበሰው።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ድስቱ ከእጇ አምልጦ ተንከባለለ። አባዬን አየችው፣ ቆቡን አየችው፣ ከዚያ ጉልበቷ ታጠፈና ግንባሯ መሬት ነካ። ድምፅ እንኳ አላወጣችም።

እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። "አባዬ፣ ሰገደችልህ" አልኩት።

እሱ ግን ቆቡን ጥሎ ሮጠ። ትከሻዋን ይዞ ቀና ሊያደርጋት እየሞከረ ምንም የለም፣ ልጅሽ ደህና ነው፣ ላቤን ነው፣ ላቤን ልጠርግ ብዬ ነው ይላታል። አባቴ ያን ያህል በአንዴ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሷ ግን አልሰማችውም። ልቧ ነው አሉ በኋላ። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ክሬን ማን ያስርልኛል እያልኩ አስባለሁ። እንደዚህ ነው ልጅነት፤ ሰው እግርሽ ሥር ሲሞት አንቺ ጫማሽን ታያለሽ።

ልጇ ምንም አልሆነም ነበር። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት መለዋወጫ እስኪመጣ ነው የቆየው። የእናቱ አስከሬን ገና ከቤት ሳይወጣ ጥሩንባውን እየነፋ ከተማ ገባ። እንግዲህ አንድ ሰው ሄዶ ሊነግረው ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ ጣቢያው የመደበው ሰው አለው። አባቴ አዛዡን ለመነው፤ አዛዡ ግን ሥራህ አይደለም ወይ፣ ማንን ልላክ ብሎ መለሰለት። ሄደ፣ መኪና ማቆሚያው ድረስ። ሹፌሩ ከላይ ከመቀመጫው ሆኖ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ሲያየው ሳቀ። "መርዶው፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ቤት ልታፈርስ ነው?" አለው። አባቴ እጁን ወደ ቆቡ አነሳ፤ እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ቆቡን እንዳደረገ ነገረው። ይኼን የነገረኝ ራሱ ሹፌሩ ነው፣ ሁለታችንም ካረጀን በኋላ። ብርቱካን ከዚያ ወዲህ ቀምሶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አባዬ ጠዋት ዩኒፎርሙን ይለብስና አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ያሸዋል። እኔ እያጸዳው ነበር የሚመስለኝ።

እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ይኼን ልንገራችሁ። ከእኔ በታች ሌሎች አራት ልጆች አሉ፣ ትንሿ ጡት ላይ ናት። ልተወው ነው ሲላት አልጮኸችም። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ፣ ምግብ እየቀማመስኩ፣ ሁሉን እሰማለሁ። "ተወው" አለችው። "የፈለግከውን ሁን፣ ብትፈልግ ድንጋይ ፍለጥ። ከደሞዙ ግን አንዲት ሳንቲም እንዳትጎድል። እነዚህ ልጆች ያንተን ሐዘን አይበሉም።"

አባዬ የሠርጉን ኮት ለብሶ መዞር ጀመረ። እኔ ሰው ሁሉ እየጋበዘው መስሎኝ እቀናበት ነበር። ለካ ሥራ እየለመነ ነው። ባለወፍጮዋ ዱቄት ጠባቂ አድርጌ ልቅጠርህ፣ ግን ግማሹን ነው የምከፍልህ አለችው። በዚያ ላይ ገበያተኛ እንዳይደነግጥብኝ ፊት ለፊት በር ላይ አትቁም አለችው። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሱቅ አለው። ና አብረን እንሥራ፣ ያገኘነውን እንበላለን አለ። እናቴ ግን የወንድሟን ማግኘት ስለምታውቅ እምቢ አለች። አንድ ትልቅ መጋዘን ደግሞ ለዘበኝነት ከነሙሉ ደሞዙ ተቀበለው፤ እሰይ ተባለ ቤት ውስጥ። ማለዳ ሄደ፣ ዩኒፎርም ሰጡት፣ ከረፋዱ ተመልሶ መጣ። እናቴ ምን ሆንክ ብትለው ቆብ ማድረግ ግዴታ ነው አሉኝ አላት። ወዲያው ተነስቶ እንጨት ሊፈልጥ ጓሮ ሄደ።

ከዚያ አንድ ቀን የሐኪም ቤት ሥራ አገኘሁ ብሎ መጣ። ደሞዙ ያው ነው፣ ሳይቀንስ ሳይጨምር። እናቴ አቀፈችው። ምን ሥራ ነው ስትለው ቀዝቃዛው ክፍል አካባቢ ነው፣ ዕቃ መቀበልና ማስረከብ ነው አላት። እሷም አልጨቀጨቀችውም። ሰው ያልመጣበትን ወሬ ለማወቅ አይቸኩልም፣ በተለይ ደሞዙ ሙሉ ከሆነ።

ነጭ ጋዋን ተሰጠው፣ እጅጌው አጭር። እናቴ ለጓደኛዋ ላከችው፣ ለመርፌ። መርፌ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋበትም የምትናገርበትም ያው አንድ መሣሪያ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። የባሏን ሞት አባቴ ነበር መጥቶ የነገራት፣ ጉድጓድ ሲቆፍር አፈር ተደርምሶበት። እሷ አልጮኸችም አሉ። ግባ፣ ቁጭ በል፣ ውኃ ጠጣ አለችው። ታዲያ ጋዋኑን ስትለካ አጠገቧ ቆሜ "እትዬ መርፌ፣ አባዬ ዶክተር ሆነ አይደል?" አልኳት።

ጋዋኑን ገልብጣ አየችው። ደረቱ ላይ የተጻፈ ነገር አለ፤ እኔ ማንበብ ገና ነኝ። "ከዶክተሩ ይበልጣል" አለችኝ። "ዶክተሩ የሚሳሳተውን ሁሉ ተቀብሎ ዝም የሚል ነው።"

በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ አባቴ የዶክተሮች አለቃ ነው አልኩ። አንዷ ጓደኛዬ ጉንጯን ያሳበጠ ጥርስ ነበራት። ነይ በነፃ ያክምሻል ብዬ ቤት ወሰድኳት። አባዬ ከሥራ ገብቶ ደጅ ላይ እጁን በበረኪና እየታጠበ ነበር። ሁልጊዜ ይታጠባል፣ ቆዳው እስኪነጣ። ልጅቱን አፍሽን ክፈቺ ብዬ ከፊቱ አቆምኳት። እሱ እጆቹን አየ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ደበቃቸው። "ልጄ፣ እኔ የማክመው ሕመም የማይሰማቸውን ነው" አላት።

ይኼንንም በማግስቱ አወራሁት። አባቴ ሲያክም ማንም አይጮህም፣ ማንም አያለቅስም አልኩ። እውነቴን ነበር።

የባለወፍጮዋ ወንድም የሞተ ጊዜ ነው ነገሩ የፈነዳው። አስከሬኑን ልትቀበል ሐኪም ቤት ሄደች፣ በሩ ተከፈተ፣ አባቴ በነጭ ጋዋንና በቦት ጫማ ወጣ። ወንድሟን አጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ የደም ነጥብ ሳያስቀር አሰናድቶላት ነበር። እሷ ያንን አላየችም። ያየችው መርዶውን ነው። ከቀብሩ ስትመለስ ቤቷ እንኳ ሳትገባ እናቴ ጋ መጣች። ባልሽ ሬሳ አጣቢ ሆኗል፣ በዚያ እጁ ነው ልጆችሽን የሚያቅፈው አለቻት፣ የኔን ቁራሽ ዳቦ እየበላች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ የራሱ ኩባያ፣ የራሱ ሳሕን፣ የራሱ ፎጣ ኖረው። መኝታውም ጓሮ ካለው ክፍል ሆነ። እኔ ትልቅ ሰው ስለሆነ ነው ብዬ አመንኩ። ኩባያውን ሰርቄ ልጠጣበት ስል እናቴ በጥፊ አለችኝ። ለአለቃ የተለየ ዕቃ እንዳይነካ ብዬ እሱንም ተቀበልኩት። አባዬ ጓሮ ተቀምጦ በሳሕኑ ይበላል፣ ትንሿ እህቴ እየዳኸች ስትመጣበት እጁን ብብቱ ሥር ከቶ በጉልበቱ ያጫውታታል። ዛሬም እህል ስቆርስ እሱ ነው የሚታየኝ፣ ያ በጉልበት ማጫወት።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ሞላ። እናቴ ናት የጠራቻቸው። አጎቴ መጣ፣ ልጁ ከተማ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው። ባለወፍጮዋ መጣች፤ የእሷ ልጅ ደግሞ በአውቶቡስ አገር ላገር እየዞረች ትነግዳለች። መርፌ የሰው ቀሚስ ይዛ መጥታ ጥግ ላይ እየሰፋች ተቀመጠች። አዛዡም ራሱ መጣ፣ ሲቪል ለብሶ። የድግስ ያህል ደስ አለኝ፤ እናቴ እግር ሥር ገብቼ ተቀመጥኩ። አባዬ ግን ቁጭ በል ቢሉትም በሩ ላይ ቆመ።

እናቴ ነገር አልጠመዘዘችም። ነገ ወይ ዩኒፎርሙን ይልበስ፣ ወይ ልጆቼን ይዤ ወንድሜ ቤት እገባለሁ አለች። አዛዡም በእሷ ላይ ደረበበት። ቦታው ክፍት ነው አለ፣ ያንተን ሥራ የሚችል ሰው አጣን። አንተን ተክቶ የገባው ባለፈው ሳምንት የተሳሳተ ቤት ሄዶ የሰው ሚስት ባሏ በሕይወት እያለ አስለቅሶ መጣ። ተመለስ፣ ደሞዝህ አይነካም፣ ትንሽም ይጨመርልሃል። ይኼን ጊዜ እናቴ አባዬን አየችው፤ እንዲያ ስታየው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። አጎቴ የእህቴ ባል ሬሳ አጣቢ ነው ሲባል ሱቄ ውስጥ ሰው ዕቃ መንካት ተወ ብሎ አማረረ። ባለወፍጮዋ ሌሊት ወንድሟ አበጥሩኝ እያለ በሕልሟ እንደሚመጣባት ነገረች። ሁሉም አንድ ላይ ይመለስ፣ ይመለስ አሉ። የተከበረ ሥራ እያለው፣ ደሞዙ እያለ፣ ጤነኛ ሰው ለምን ከሬሳ ጋር ይውላል ተባለ።

አባዬ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። "እዚያ የሚመጣው ሰው አውቆ ነው የሚመጣው" አለ። "እኔን አይቶ የሚወድቅ የለም።"

አጎቴ ይኼ ሰው ትንሽ ይረፍ፣ ራሱን ነክቶታል አለ። አዛዡ ታዲያ ሰኞ ጣቢያ እጠብቅሃለሁ ብሎ ኮቱን ማስተካከል ጀመረ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ባለወፍጮዋ እንዲያውም ተመስገን ብላለች። አባዬ ወደ ኮርኒሱ ያያል። እኔ ደግሞ እሰይ፣ አባዬ ዶክተርም ፖሊስም ሊሆን ነው እላለሁ።

መርፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ቀሚሱን አጣጠፈች።

"ይመለስ" አለች። "ጥሩ ሐሳብ ነው። ብቻ ሰኞ መጀመሪያ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ከአሁኑ እንወቀው። የእኔ ይሁን የሚል እጁን ያውጣ።"

እኔ እጄን አወጣሁ። እናቴ ይዛ አወረደችውና ጉያዋ ውስጥ ከተተችው፣ አጥንቴ እስኪያመኝ ጨምቃ ያዘችው። አጎቴ ጫማውን ያያል። አዛዡ የኮቱን ቁልፍ እንደያዘ ቀረ። ሌላ እጅ አልወጣም።